ከመማሪያ ክፍል ወደ አናፖሊስ፦ በሜሪላንድ ምክር ቤት ውስጥ የተማርኩት

ሜሪላንድ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ፖለቲካ ስንነጋገር የሁለት ከተሞች ስም ይነሣል፤ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ። አናፖሊስን የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም። ሆኖም የልጃችን ትምህርት ቤት ከግዛቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያገኝ፣ ቤቷ ውስጥ ሕፃናት የምትጠብቅ እናት ስንት ልጅ መያዝ እንደምትችል፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ የነርስ ረዳት ሆኖ ለመሥራት ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚጠየቅ የሚወስነው በዚያች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚሰበሰበው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ይህን የምጽፈው ለመምህራንና ለወጣቶች ነው። ብዙዎች «አንተ እንዴት ገባህ? እኛስ መግባት እንችላለን?» ብለው ይጠይቁኛል፤ በየስልኩ የምሰጠውን መልስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

እኔ ለምርጫ ተወዳድሬ የተመረጥኩ ሰው አይደለሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። በዲቪ ወደ አሜሪካ መጣሁ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራሁ፣ ማታ ማታ ተምሬ የማስተማር ፈቃድ አወጣሁና ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከተለያየ አገር ለመጡ ልጆች እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የአንዲት የምክር ቤት ተወካይ ረዳት ሆንኩ፤ ዛሬም የምኖረው በዚሁ ሥራ ነው። የተወካይዋን ስም አልጠቅስም፤ እዚህ የምለው ሁሉ የራሴ አስተያየት ነውና።

በመጀመሪያ ምክር ቤቱ እንዴት እንደተዋቀረ ልግለጽ። ሜሪላንድ በ47 የምርጫ ወረዳዎች ተከፍላለች። እያንዳንዱ ወረዳ 130,000 ያህል ሰው ይኖርበታል፤ አንድ ሴናተርና ሦስት ተወካዮችም ይመርጣል። ጠቅላላው 188 አባላት ይሆናል። የሁሉም የሥራ ዘመን አራት ዓመት ሲሆን በአንድ ምርጫ አብረው ይመረጣሉ። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በዓመት ለ90 ቀናት ብቻ ነው፤ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይጀምርና በኤፕሪል መጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። በእነዚያ ቀናት ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ። አንድ ረቂቅ ሕግ እንዲሆን በተወካዮች ምክር ቤት 71፣ በሴኔቱ 24 ድምፅ ማግኘት አለበት። አገረ ገዢው በቬቶ ከሻረው ደግሞ መልሶ ለማጽደቅ 85ና 29 ድምፅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች እነዚህን ቁጥሮች ሲሰሙ ይሰለቻሉ። እኔ ግን እጅግ እወዳቸዋለሁ፤ 71 ሰው ማለት እኮ በስም፣ በፊትና በሚወክለው ሰፈር ጭምር ሊታወቅ የሚችል ብዛት ነው።

ወደዚህ ዓለም ያስገባኝ የትምህርት በጀት ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት መሪ የነበሩት ዊልያም ኪርዋን የሚመሩት ኮሚሽን የግዛቱን ትምህርት ቤቶች መርምሮ፣ መምህራን በቂ ክፍያ እንደማያገኙና የድሃ ሰፈር ልጆች ከሌሎቹ ወደኋላ እንደቀሩ በሰፊው አሳይቶ ነበር። በማርች 2019 በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ቀይ ለብሰን አናፖሊስ ወጣን። ከዚያ በፊት ያንን የምክር ቤት ሕንፃ አይቼው አላውቅም። ግንባታው የተጀመረው በ1772 ነው፤ ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነቱን ያስረከበው እዚያው ውስጥ ነው፤ ዛሬም ሕግ ይወጣበታል። እኔን ያስገረመኝ ግን ዕድሜው አልነበረም። በሩ ክፍት መሆኑ ነው። አንድ ተራ መምህር ፍተሻውን አልፎ፣ የተወካዩን ቢሮ አንኳኩቶ፣ ወንበር ተሰጥቶት ይቀመጣል።

የትምህርት ሕጉ «የሜሪላንድ የወደፊት ንድፍ» ተብሎ በ2020 ቀረበ። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ በኮሮና ምክንያት ጊዜው ሳይደርስ ተዘጋ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ወዲህ ሆኖ አያውቅም። ሕጉ ምክር ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ለጥቂት ጸደቀ። ከዚያም አገረ ገዢ ላሪ ሆገን ቬቶ አደረጉት፤ ምክር ቤቱ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2021 ቬቶውን ሻረው። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የጀማሪ መምህር ዝቅተኛ ደመወዝ 60,000 ዶላር እንዲሆን፣ ድህነት ለበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ እንዲደርስ፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆችም የተለየ ድጋፍ እንዲመደብ አዟል። የእኔ ተማሪዎች ማለት ናቸው። ያንን ሁሉ ከክፍሌ ሆኜ በየቀኑ ስከታተል ከርሜ ስለነበር፣ ቀርቤ ሐሳቤን የተናገርኩበት፣ ማለትም ምስክርነት የሰጠሁበት፣ ኮሚቴ አባል የሆነችው ተወካይ ረዳት ስትፈልግ ስሜን አስታወሰች።

እዚህ ላይ ለመምህራን በግልጽ የምናገረው ነገር አለኝ። መምህርነት ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ዲግሪ የተሻለ ዝግጅት ነው። በፌብሩዋሪ አንድ ኮሚቴ በአንድ ከሰዓት ብቻ አሥርና ከዚያ በላይ ረቂቆች ይሰማል። እያንዳንዱን ረቂቅ አንብቦ፣ የሕግ አውጪ አገልግሎት መምሪያ ያዘጋጀለትን የወጪና የፖሊሲ ማስታወሻ መርምሮ፣ ዋናውን ነገር በአንድ ገጽ አጥርቶ ለተወካይዋ ማቅረብ የረዳቱ ሥራ ነው። ለነገ የሚያስተምረውን ማታ የሚያዘጋጅ፣ ከባዱን ነገር ቀለል አድርጎ የሚያስረዳ፣ ግራ የተጋባ ፊት አይቶ «እንደገና ልንገርህ» የሚል መምህር ይህን ሥራ አስቀድሞ ያውቀዋል። ከእኛው ካውንቲ በ2010 የተመረጡት መምህሩ ኤሪክ ሉድኬ በተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ እስከመሆን ደርሰዋል፤ ኋላም በአገረ ገዢ ዌስ ሙር ጽሕፈት ቤት የሕግ ጉዳዮችን መርተዋል። በሚኒሶታ ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩት ቲም ዎልዝ በ2018 አገረ ገዢ ሆነው ተመርጠዋል። በቨርጂኒያ ደግሞ ስካይለር ቫንቫልከንበርግ የተባሉ መምህር በ2017 ለተወካዮች ምክር ቤት፣ በ2023 ለሴኔቱ ተመርጠዋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው የሥራችን ክፍል ልለፍ። ረዳት ከሕግ እኩል የሚውለው በሰዎች ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ደውላ በቤቷ ውስጥ ሕፃናት ለመጠበቅ ፈቃድ ብትጠይቅም ወራት እንዳለፉና መልስ እንዳላገኘች ነገረችኝ። በአማርኛ ስመልስላት ዝም አለች፤ ቆይታም «ጋሼ፣ እዚያ ቤት አበሻ አለ እንዴ?» አለችኝ። በሜሪላንድ በቤት ውስጥ የሚሠራ የሕፃናት ማቆያ በምዝገባ ነው የሚሠራው፤ እስከ ስምንት ልጅ ይይዛል፤ ቤቱ በመርማሪ ይታያል። የእርሷ ማመልከቻ የጎደለው አንድ ቅጽ ነበር፤ የጎደለውን ግን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔ ያደረግኩት የሚመለከተውን ክፍል በተወካይዋ ቢሮ ስም ጠይቄ ማመልከቻው የት እንደቆመ ማጣራት ብቻ ነው። ሕግ አልተጣሰም፣ ወረፋም አልተዘለለም። ይህን አገልግሎት ለማግኘት ዜግነት አይጠየቅም፣ ገንዘብ አይከፈልም፣ ለተወካይዋ ድምፅ የሰጡ መሆንም አያስፈልግም። በወረዳው ውስጥ መኖር ይበቃል። ጉዳዩ የኢሚግሬሽን ከሆነ ግን የፌዴራል ስለሆነ ወደ ኮንግረስ አባላችሁ ቢሮ ደውሉ፤ አናፖሊስ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

የእኛ ሰዎች ይህን አለማወቃቸው ያንገበግበኛል። ለኮንግረስ እጩ የእራት ግብዣ አዘጋጅተን፣ ብዙ ገንዘብ ሰብስበን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን። በአንጻሩ ሦስት ተወካዮቻችን በመንገዳችን ላይ ይኖራሉ፤ ሱቅ ውስጥ እናገኛቸዋለን፤ ስማቸውን ግን አናውቅም።

ምስክርነት ስለመስጠት ጥቂት ልዘርዝር፤ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው። በሜሪላንድ የሚቀርብ ረቂቅ ሁሉ ለማለት ይቻላል በኮሚቴ ፊት ይሰማል፤ ማንኛውም ሰውም ቀርቦ መናገር ይችላል። ምዝገባው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ የሚዘጋው መስሚያው ከመድረሱ በፊት ስለሆነ የዚያኑ ቀን ጠዋት ተነሥቶ መሄድ አያዋጣም። በጽሑፍ ብቻ ማቅረብም ይቻላል። የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል። በእኛ ባህል ንግግር የሚጀመረው በሰላምታና በምስጋና ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ሰዓቱ ሲያልቅባቸው አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ስለዚህ ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ከተማ፣ የረቂቁን ቁጥርና ትደግፉት ወይም ትቃወሙት እንደሆነ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ቀጥሎ በራሳችሁ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ንገሩ፤ አንድ ብቻ። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን ጠይቁ። እንግሊዝኛችሁ ደከም ያለ ከሆነ ጽፋችሁ አንብቡ፣ ወይም አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱና አስቀድማችሁ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። የኮሚቴ አባላት ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዲቀር ለማግባባት የተከፈላቸውን ወትዋቾች ነው። በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ የነርስ ረዳት ከሥራ በቀጥታ መጥታ ስትናገር ግን ጭንቅላታቸውን ከኮምፒውተራቸው ላይ ቀና ያደርጋሉ።

ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ቃል በቃል ተገልብጦ በመቶ ሰው ስም የተላከ ኢሜይል ተቆጥሮ በአንድ መስመር ይመዘገባል። ከወረዳችን ነዋሪ የመጣ፣ በራሱ ቃል የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ግን ለተወካይዋ እንዳለ ይነበባል። አድራሻችሁን ሳትጽፉ አትላኩ፤ ከየትኛው ወረዳ እንደሆነ ካላወቅን የት እንደምናስቀምጠው ይቸግረናል።

ይህ ሥራ የሚከብድበትም ጎን አለ። የተወካዮች ዓመታዊ ክፍያ ከ50 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው። በትልቅ ትምህርት ቤት ሥርዓት ውስጥ ረጅም ዘመን ያስተማረ ሰው ወደ ረዳትነት ሲሄድ ገቢው ይቀንሳል፤ እኔም ቀንሶብኝ ባለቤቴና እኔ ብዙ ማሰብ ነበረብን። በ90ዎቹ ቀናት ቤተሰብ ይረሳል። በማርች አጋማሽ ረቂቆች ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ቀነ ገደብ አለ፤ በዚያ ሳምንት ልጆቼ የሚያዩኝ ተኝቼ ነው። ደግሞ አብዛኛው ረቂቅ አያልፍም። ከቢሮአችን ከወጡት ውስጥ በመጀመሪያ ዓመታቸው ያለፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ቀሪዎቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ተሻሽለው ይመለሳሉ። ቶሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው እዚህ አይቆይም።

ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ትግል አለ። በሜሪላንድ በጀት የሚያዘጋጀው አገረ ገዢው ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ምክር ቤቱ ከዚያ በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። በ2020 ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን በድምፁ ስላሻሻለው አሁን ከጠቅላላው ድምር ሳያልፍ ገንዘብን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወርና መጨመር ይችላል። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2025 ግዛቲቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የበጀት ጉድለት ሲያጋጥማት ለትምህርት ንድፉ ከታሰበው ከፊሉ እንዲዘገይ ተደረገ፤ መምህራን አብረው የሚዘጋጁበት ጊዜ ከዘገዩት አንዱ ነው። አንድ ሕግ ጸደቀ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ በጀቱ ላይ እንደገና ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ክርክሩ ውስጥ የወላጆች ድምፅ እንዲኖር እፈልጋለሁ። የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ብዛት ቀላል አይደለም፤ የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያዎቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ለመወዳደር ለምታስቡ ደግሞ የሚከተለውን እወቁ። ለተወካይነት ዕድሜ 21 ዓመት፣ በግዛቱ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ በወረዳው ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። የምዝገባ ክፍያው 50 ዶላር ነው። ከባዱ ነገር የፓርቲው እጩ የሚለይበት ቅድመ ምርጫ ነው። በብዙ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ወረዳዎች ዴሞክራቶች በጣም ስለሚበዙ አሸናፊው የሚታወቀው በቅድመ ምርጫው ነው። ይህ ምርጫ ለፓርቲው አባላት ብቻ ክፍት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ዜግነት ሲያገኙ «ፓርቲ አልፈልግም» ብለው ይመዘገባሉ፤ ውሳኔው ሲደረግ ግን ውጭ ይቆማሉ። የትኛውንም ፓርቲ ምረጡ፤ ሪፐብሊካንም ቢሆን፤ ግን ምረጡ። ለመቀየርም ከምርጫው ሳምንታት በፊት የሚያበቃ ቀነ ገደብ አለው።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት በር የካውንቲው የፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው። አንድ ተወካይ በሥራ ዘመኑ መካከል ከለቀቀ ተተኪውን የሚያቀርበው ይህ ኮሚቴ ነው፤ አገረ ገዢው ይሾማል። በዚህ መንገድ ወደ ምክር ቤቱ የገቡ አባላት ጥቂት አይደሉም። የኮሚቴው አባላት በዚያው በቅድመ ምርጫው ነው የሚመረጡት፤ ስማቸው በድምፅ መስጫው ወረቀት መጨረሻ አካባቢ ስለሚገኝ ብዙ መራጭ ሳያየው ያልፋል። የማስተማር ሥራውን ሳይለቅ ፖለቲካን ከውስጥ ማየት ለሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ዜግነት ገና ያላገኛችሁ ደግሞ ታኮማ ፓርክ የምትኖሩ ከሆነ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ መስጠት ትችላላችሁ፤ ከተማዋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎችዋ ይህን መብት ሰጥታለች። ከ2013 ወዲህም የ16 ዓመት ልጆች በከተማዋ ምርጫ ይመርጣሉ፤ ልጆቻችሁን ንገሯቸው።

በአገር ቤት ፖለቲካ ስለመከፋፈላችንም እጠየቃለሁ፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው። በቢሮዬ ስለ ሕፃናት ማቆያ ደንብ የተሰበሰቡ እናቶች ነበሩ፤ ስለ አገራችን ጉዳይ ሐሳባቸው አንድ እንዳልሆነ ከአነጋገራቸው ይታወቅ ነበር። ሆኖም ስለ ፈቃዱ ምዝገባና ስለ ምርመራው አንድ ወረቀት አብረው ጽፈው ፈረሙ። እዚህ የምንኖርበትን ቤት የሚመለከት ጉዳይ ከሌላው ለይቶ መያዝ ይቻላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የላቲኖ ወገኖቻችንን ተመልከቱ። ለወረቀት አልባ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ የሚያቃልለው ሕግ በ2011 ሲጸድቅ ተቃዋሚዎች ፊርማ ሰብስበው ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡት፤ ድርጅቶቻቸው በር ለበር ሄደው በ2012 በሕዝብ ድምፅ አስጸደቁት። በ2013 ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው ሕግ ወጣ። ከዚህ ሕግ የተጠቀሙ የራሳችን ሰዎች አሉ፤ ሲወጣ ግን በምስክርነት ወንበሩ ላይ ምን ያህል ነበርን?

አንድ ሐሳብ ይዞ ወደ ተወካይ ለመሄድ ትክክለኛው ጊዜ በጋ ነው፤ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር። በጃንዋሪ ስትደውሉ ረቂቆቹ ተጽፈው አልቀዋል፤ የማቅረቢያው ጊዜ ያለፈበት ረቂቅም በልዩ ኮሚቴ ውስጥ ታንቆ ይቀራል። በጋ ላይ ግን ተወካዮች በወረዳቸው ናቸው፤ ቡና ይጠጣሉ፤ የሕግ ረቂቅ የሚጽፉት ባለሙያዎችም ጊዜ አላቸው። ችግሩን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ የደረሰባቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌላ ግዛት እንዴት እንደፈታው ካወቃችሁ ጨምሩበት። የወረዳችሁን ቁጥርና የተወካዮቻችሁን ስም ለማወቅ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የቤታችሁን አድራሻ ማስገባት ብቻ ነው። ከስማቸው ሥር የቢሮ ስልክ አለ፤ የሚያነሣው እንደ እኔ ያለ ረዳት ነው።